የሻሼ ሰማያዊ ፊት

ዝም የሚል ሰው ብልህ ይመስላል። እኔ ስልሳ ስንት ዓመት የኖርኩት በዚህ ነው። ሰው ሲከራከር ዝም እላለሁ፤ «አያ ደሴ ነገሩን እያወጡ እያወረዱት ነው» ይባልልኛል። እውነቱን ልንገራችሁ? አብዛኛውን ጊዜ የማስበው ስለ እራቴ ነው። ግን ስለ እራቱ የሚያስብ ሰውና ስለ አገሩ የሚያስብ ሰው ከሩቅ ሲታዩ ምን ይለያቸዋል? ሁለቱም ግንባራቸውን ይቋጥራሉ።

ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን እኔ እየተናገርኩ የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ዲያቆን ነው። መሐል ላይ ከበድ ያለ ቃል ካጋጠማችሁ የእሱ ነው፤ እኔን አትጠይቁኝ።

ከወረታ ከተማ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ሜዳው የሚወርድ አንድ ቦይ አለን። የፎገራን ሜዳ የምታውቁ ጠባዩን ታውቁታላችሁ። በክረምት ውኃው ሳይጠራ ይመጣና ከነመኝታችን ያስነሣናል፤ በበጋ ደግሞ በጣሳ ስንለምነው አይሰማም። ስለዚህ በበጋ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የምንተክል ሰዎች ቦዩን በተራ እንጠጣዋለን። ተራውን የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመረጣል፤ የውኃ አባት ይባላል። ያ ሰው እኔ ነኝ።

እንዴት ተመረጥኩ? ሁለት ተናጋሪ ሰዎች ለሹመቱ ተፎካከሩ። ከጧት እስከ ማታ ተናገሩ፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ተሰዳደቡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዱ ተነሣና፣ ዛሬ ማንንም ያልሰደበ ሰው ካለ እሱን እንሹም አለ። እኔ ዛፉን ተደግፌ አንቀላፍቼ ነበር። ስነቃ የውኃ አባት ሆኛለሁ።

ሕጋችን ረጅም አይደለም። ከቦዩ የሚወስድ ሰው ሁሉ ተራ አለው። ያለ ተራው የወሰደ ቦዩን ብቻውን ይጠርጋል። ከአባቶቻችን የወረስነው ሌላም አለ፤ ውኃ ወስዶ ወደ ቦዩ የሚመልስ ሰው፣ ከመመለሱ በፊት ከዚያው ውኃ አንድ ጣሳ ሰው ፊት ይጠጣል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ሆዱን ያመመው ሰው ይመስለኛል። በእኔ ዘመን ማንም ውኃ መልሶ አያውቅም፤ ሽንኩርት የጠጣውን ይመልሳል እንዴ? ስለዚህ ሕጉ ተቀምጦ ነበር፣ እንደ ድሮ ጦር።

እንግዲህ አቶ ፍሥሐ መጣ።

አቶ ፍሥሐ የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ጨዋ፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ። ከቦዩ ራስ አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራየና ማተሚያ ቤት ከፈተ። ከተማው ደስ አለው። ያ ዘመን የስብሰባና የግምገማ ዘመን ነው፤ ስብሰባ ደግሞ ያለ ወረቀት አይጀመርም፣ ያለ ወረቀትም አያልቅም። ከዚያ በፊት የሠርግ ካርድ የሚያሳትም ሰው ባሕር ዳር ድረስ ይሄድ ነበር። አሁን ማሽኑ እዚሁ ደጃችን ጨክ ጨክ ይላል።

የቧንቧ ውኃ በሦስት ቀን አንዴ ብቅ ትላለች፤ ቦዩ ግን በማተሚያ ቤቱ ጓሮ ቀንና ሌሊት ያልፋል። ሠራተኞቹ ምን ያድርጉ? በባልዲ ይቀዳሉ። የማሽኑን ቀለም በነጭ ጋዝና በውኃ ያጥባሉ። እጣቢውን መልሰው እዚያው ቦዩ ውስጥ ይደፋሉ።

ታች ያለነው መጀመሪያ ያየነው ቀለሙን ነው። አንድ ሰሞን ቦዩ ቀላ። ሰዎቹ መከሩና የሠርግ ካርድ ነው አሉ፤ ሠርግም አልጠፋም። ሌላ ጊዜ ጠቆረ። ተሰብስበው መጡና «አያ ደሴ፣ ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ምን ላውቅ? እነሱ ግን «ያውቃሉ፤ ሊያስደነግጡን ስላልፈለጉ ነው» ብለው ተመለሱ። አንዷማ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሦስት ቀን ዋለች። ኋላ ሲጣራ የተማሪ ቤት ፈተና ነው የታተመው። በእርግጥ ልጇ በዚያ ፈተና ወድቋል፤ ሐዘኑ ጨርሶ ያለ ምክንያት አልቀረም።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሌላው ሰው ላይ አላላክም። በመጀመሪያው ቀን ወጥቼ ይህ ምንድን ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሥራዬ ዝም ማለት መሰለኝ።

ከዚያ ቦዩ ሰማያዊ ሆነ።

ከቦዩ ጅራት ላይ ጠጄ ትኖራለች። ጠጄ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ አንዲት ላም ያላት ሴት ናት። ላሟ የፎገራ ላም ናት፤ ጥቁር ሆና ፊቷ ብቻ ነጭ። ሻሽ ያሰረች ስለምትመስል ሻሼ ትላታለች። ልጆቹ ደብተር የሚይዙትም፣ ጤፍ የሚገዛውም ከሻሼ ወተት ነው። የሌላ ሰው ሀብት በሬ፣ መሬት፣ ጎተራ ነው፤ የጠጄ ሀብት ጧት ጧት አራት ጡት ነው።

አንድ ጧት ደጄ ላይ ጩኸት ሰማሁ። ወጣሁ። ጠጄ ሻሼን በገመድ ይዛ ቆማለች። ሻሼ ከአፍንጫዋ እስከ ዓይኗ ሰማያዊ ናት። እንዲህ ያለ ሰማያዊ በሰማይም አላየሁም።

«አያ ደሴ! የውኃ አባት አይደሉ እንዴ?» አለችኝ። «ልጅዎ ቀለም ተቀብቶ መንደር ለመንደር ሲዞር ምነው ዝም ይላሉ? ይኼው የጎረቤት ላም ስሞ መጣ!»

ዝም አልኩ። ይህቺ ግን ዝምታዬን ብልሃት ነው ብላ የምትተው ሴት አይደለችም።

«ያሽቷት!» አለች። ተጠጋሁ። የሻሼ ትንፋሽ የኩራዝ ትንፋሽ ሆኗል። ጠጄ ቀጠለች፤ ወተቱ እንደሆነ ነጭ ነው፣ የቀየረው ነገር የለም፤ ግን ማን ይመናት? ደንበኞቿ ላሟን አይተው ጣሳቸውን ይዘው ተመለሱ። የሻይ ቤቱ ሰውዬማ «ጠጄ፣ ይኼን የምንጠጣው ነው ወይስ የምናበራው?» ብሎ አሳቀባት። «ሦስት ቀን ወተቱን መሬት ላይ ደፋሁት፤ ልጆቼን ለማጠጣት እኔም ፈራሁ። እስከ እሑድ መላ ካልተገኘልኝ ሻሼን ለሥጋ ቤት ነው የምሰጣት፤ ያን ቀን ሥጋዋን ይዤ ለእርስዎ ነው የማመጣው!» አለችኝና የሻሼን አንገት አቀፈች።

ዱላዬን አነሣሁና «እንሂድ» አልኩ። ለእኔ ይህ ብዙ ነው።

ላሟን ቤት አስቀምጪ ብላት እምቢ አለች፤ ምስክር ናት አለች። ስለዚህ ሦስት ሆነን ወደ ከተማ ወጣን። የደብረ ታቦር መገንጠያ ላይ የባጃጅ ሾፌሮች አዩን። ሾፌር ሥራ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አንዱ «እትዬ፣ ላምዎ ቀለም ቀምሳለች መሰለኝ፤ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?» አለ። ጠጄ ሳትዞር «አንተ ካቋረጥክበት አልፋለች!» ብላ መለሰችለት። የተቀሩት ሾፌሮች ሳቁበት፤ ለሻሼም መንገድ ለቀቁላት።

አቶ ፍሥሐ ወንበር አወጣልኝ። ሻሼን አየና ደነገጠ። ነገሩን ጠጄ ነገረችው፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ ያህል። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አባባ፣ እኛ እኮ ውኃ አንወስድባችሁም። የቀዳነውን በሙሉ ነው የምንመልሰው። አንድ ጣሳ አስቀርተን አናውቅም!» አለኝ።

ይህን ያለው ሊኮራ ነው፤ ልብ በሉ።

«ከቦዩ ትቀዳለህ?» አልኩት።

«እቀዳለሁ።»

«ትመልሳለህ?»

«በሙሉ!»

«እንግዲያ አንተም ባለቦይ ነህ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ና።»

ከመውጣቴ በፊት ጥግ ላይ የተጣለ የወረቀት ክምር አየሁ፤ ሰፋፊ ወረቀት፣ መሐሉ ሰማያዊ። ሰማያዊው የሻሼን ፊት ቁርጥ ነው። አንዱን አነሣሁና ለማስረጃ ብብቴ ውስጥ ከተትኩት። አቶ ፍሥሐ ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ፊቱ ቀላ። ለምን እንደቀላ አልገባኝም፤ ወረቀቱን ስለወሰድኩበት ሰሰተ ብዬ አዘንኩበት።

እሑድ ከዋርካው ሥር ተሰበሰብን። ባለቦዮቹ በሙሉ መጡ፤ ሻሼም መጣች። አቶ ፍሥሐ ከረባት አሥሮ ነው የመጣው። እንዲህ ተከብረን አናውቅም።

ተነሣሁና ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። «ላሟን እዩ። ወረቀቱን እዩ። አንድ ቀለም ነው» አልኩ። ንግግሬ ይኸው ነበር፤ ጥሩ ንግግር ነው ብዬም ነበር። ሰው ግን አንገቱን ወደ ጎን እያዘነበለ ያየኝ ጀመር። ለካ ወረቀቱን ዘቅዝቄ ይዤዋለሁ። ዲያቆኑ ተነሥቶ አስተካከለልኝ። አስተካክሎም አልተወ፤ ዓይኑ ጽሑፉ ላይ አረፈና ቀረ።

«ምን ይላል?» አሉት።

ዲያቆኑ ጉሮሮውን ጠረገ። በቅዳሴ ድምፁ አነበበው፦ «ወንዞቻችንን ከብክለት እንጠብቅ! አንዲት ጠብታ ውኃ አናባክን!»

ዋርካው ሥር ዝም ተባለ። እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ዝምታ አላውቅም። ከዚያ ጠጄ «ታዲያ ሻሼ ላይ ለምን ታተመ?» አለች።

ሳቁ የቆመው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ ሳቅ አንቆት ጀርባው ተመታ።

አቶ ፍሥሐ ተነሣ። ከረባቱን ፈታ፤ ከዚያ በኋላ ሰው መሰለ። ነገሩን ሳይደብቅ ነገረን። ወረቀቱን ያዘዘው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ሥዕሉ ወንዝ ነው። ናሙናው ሲሄድለት የመሥሪያ ቤቱ ሰው «ወንዙ በቂ ሰማያዊ አይደለም» ብሎ መለሰው። ማሽኑ ታጠበ፤ ቀለም ተጨመረ፤ እንደገና ታተመ። «አሁንም ይጨመር» ተባለ። እንደገና ታጠበ። ሦስት ጊዜ ተመለሰ፤ ሦስት ጊዜ ታጠበ። የወረቀቱ ወንዝ ሰማያዊ እንዲሆን የእኛ ወንዝ ሰማያዊ ሆነ። ይህን ያዘዘው ሰው የፎገራን ወንዝ ቆሞ አይቶ ያውቃል? የእኛ ወንዝ ደህና ሲሆን ቡናማ ነው።

ብያኔው የእኔ ነበር። ሰው ሁሉ አየኝ። ስለ እራቴ አላሰብኩም፤ ይህን እመኑኝ። ጠጄ ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ ሥጋ ቤቱ ከዋርካው ፊት ለፊት ነው፣ ይታያል።

«ከማተሚያ ቤቱ እስከ ጠጄ ደጅ ቦዩን ትጠርጋለህ» አልኩት። «ተራህ ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ ስድስት ስድስት ጀሪካን። ስትመልስ ደግሞ በሕጉ ነው።»

«ሕጉ ምንድን ነው አባባ?»

«አንድ ጣሳ ትጠጣለህ። ከምትመልሰው።»

አቶ ፍሥሐ ሻሼን አያት። ሻሼም አየችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ ቦዩ አንዲት ጠብታ መልሶ አያውቅም።

ቦዩን ጠረገ። እውነትም ጠረገ፤ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ከነሠራተኞቹ፣ ሁለት ቀን ሙሉ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስድስት ጀሪካን ለማሽኑ መቼ ይበቃል? በመጀመሪያው ማክሰኞ እስከ እኩለ ቀን አለቀ። ማሽኑ ቆመ፤ የሠርግ ካርድ የሚጠብቅ ሙሽራ ደጁ ላይ ቆሟል። አቶ ፍሥሐ ሊለምነኝ መጣ። ተራ ልጨምርለት አልችልም። በአጋጣሚ ጠጄ እኔ ዘንድ ነበረች።

«ስድስት ጀሪካን አነሰኝ ነው የሚለው?» አለች። «እኔ በአንድ ጀሪካን የልጆቼን ልብስ፣ የወተት ዕቃዬን፣ ልጆቼን ራሳቸውን አጥባለሁ! ና አሳየኝ እንዴት እንደምታጥብ!»

ይዛው ሄደች። እኔም ተከተልኩ፤ የማየው ነገር አይጠፋም ብዬ። ሠራተኞቹ ማሽኑን ሲያጥቡ አየች፤ ቀለሙ ሳይጠረግ ንጹሕ ውኃ ይደፉበታል፣ ከዚያ ያንን ውኃ ይጥሉታል። ጠጄ ራሷን ይዛ ጮኸች። ቅባት የነካው ዕቃ ከመታጠቡ በፊት አይጠረግም እንዴ? ማን ነው በንጹሕ ውኃ ቆሻሻ የሚጀምረው? እናት አላሳደገቻችሁም?

ከዚያች ቀን በኋላ ቀለሙ መጀመሪያ በጨርቅ ይጠረጋል። በጋዝ የራሰው ጨርቅ ተጨምቆ፣ ጋዙ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይጠራቀምና ለሚቀጥለው ጥረጋ ይውላል። ሦስት በርሜል ተደረደረ። ቆሻሻው ዕቃ አስቀድሞ በአሮጌው እጣቢ ይታጠባል፤ ከዚያ በመካከለኛው፤ መጨረሻ ላይ ብቻ በንጹሑ ይለቀለቃል። ንጹሑ ሲደፈርስ መካከለኛ ይሆናል፤ መካከለኛው ሲደፈርስ አሮጌ ይሆናል፣ እንደ ሰው። አሮጌው አተላ ሲሆን በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ ውስጥ፣ የሩዝ ወፍጮ ቤቱ የሚጥለው ገለፈት ላይ ይፈስሳል። ፀሐይ ውኃውን ይጠጣዋል፤ ፀሐይ እንግዲህ ሕጉ አይመለከተውም። የደረቀው በጆንያ ታስሮ ከቦዩና ከከብት ርቆ ይቀመጣል። ከስድስቱ ጀሪካን አንዱ ይተርፍ ጀመር። አቶ ፍሥሐ ተገርሞ የተረፈውን ሊሰጠኝ መጣ። እንዳይመልሰው ፈርቼ ቶሎ ብዬ ለሽንኩርቴ አጠጣሁት።

ቦዩ ጠራ፤ ማለት ቡናማ ሆነ። የሻሼም ፊት በቅቤና በአመድ ታሽቶ ቀስ በቀስ ነጣ። መጀመሪያ የሻይ ቤቱ ሰውዬ መጣ፤ ወተቱን ሦስት ጊዜ አሸተተና ገዛ። ከዚያ ሌሎቹ። ጠጄ በደጄ ስታልፍ አንድ ኩባያ ትተውልኝ ጀመር።

እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር።

ወረቀቱ በመጨረሻ እንደታዘዘው ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። አቶ ፍሥሐ ሳይደርቅ አይነካም ብሎ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ግን የሪፖርት ቀን ደርሶብኛል ብሎ እርጥቡን ወሰደው። ወደ ማታ በየአጥሩ ለጠፈው። በእኛ ጎጥ አሥር ወረቀት ደረሰን፤ ሁሉም በቦዩ ዳር ባለው አጥር ላይ በተርታ። ሙጫው ከዱቄት የተበጠበጠ ነው፤ ዱቄቱም የስንዴ።

በማግሥቱ ጧት ደጄ ላይ ጩኸት ሰማሁ።

«አያ ደሴ! ልጅዎ እንደገና ጀመረው!»

ወጣሁ። ሻሼ ከአፍንጫዋ እስከ ዓይኗ ሰማያዊ ናት። ጠጄ ታለቅሳለች። ደንበኞቿ ጣሳቸውን ይዘው ተከትለዋታል፤ የሻይ ቤቱ ሰውዬም አለ፣ አፍንጫውን ከወዲሁ ሸፍኗል። ወደ ቦዩ ወረድኩ። ሁሉም ተከተሉኝ። ውኃው ጠርቷል። በእፍኜ ዘግኜ ሰው ፊት ጠጣሁት። ደገምኩት። «ውኃው ደህና ነው» አልኩ።

«ታዲያ ይኼ ከየት መጣ?» አለች ጠጄ።

ወደ ሻሼ ዞርን። ሻሼ የለችም። በሰዉ መሐል አልፋ ወደ አጥሩ ሄዳለች። ቀስ ብላ፣ ደስ ብሏት፣ አንድ ወረቀት ከላይ ወደ ታች ትልሳለች። ላሰችና ገነጠለችው። «ወንዞቻችንን» ሄደ። «ከብክለት» ሄደ። ዲያቆኑ እያነበበ ይነግረን ነበር። በአጥሩ ላይ ባዶ ቦታዎቹን ቆጠርን፤ ዘጠኝ ናቸው።

የሻይ ቤቱ ሰውዬ እጁን ከአፍንጫው አወረደ። «ውኃው ደህና ከሆነ ወረቀቱ ምን ያደርጋል?» አለ። «እኛስ በዚህ ዘመን ስንት ወረቀት ውጠናል!» ብሎ ጣሳውን ዘረጋ። ሌሎቹም ዘረጉ። ጠጄ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ልታልብ ጎንበስ አለች።

በዚህ መሐል የመሥሪያ ቤቱ ሰው ደብተሩን ይዞ ደረሰ። ሰው ተሰብስቦ ሲያይ በወረቀቱ ምክንያት መሰለውና ፊቱ በራ። እስክሪብቶውን አወጣ። «አባት፣ ለሪፖርት ነው፤ ይህ መልእክት በጎጡ ስንት ሰው ጋ ደርሷል?» አለኝ።

«ሰው ጋ አልደረሰም» አልኩት።

ደነገጠ። «ማንም አልተቀበለውም?»

በዱላዬ ወደ አጥሩ አመለከትኩት። ሻሼ አሥረኛውን ጀምራለች።

«አንዷ ተቀብላዋለች» አልኩት። «ከነሙጫው።»